ጋሽ ዕዝራ ድልድዩ ሥር ነው

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አለቃዬ በስልኬ ላይ ጻፈችልኝ። «የነገውን ሺፍትሽን ሌላ ሰው ይሠራልሻል፤ አንቺ ቤትሽ እረፊ» ይላል። እኔ ግን ኦፍ አልጠየቅኩም። ሚኒሶታ፣ ዉድበሪ ውስጥ ባለ ክሊኒክ ራጅ አነሳለሁ፤ እዚያ ቤት ሳይለምን፣ ሳይለማመጥ ኦፍ የተሰጠው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስልኩን ገና ከእጄ ሳላስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። እትዬ የትምወርቅ ናት፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቃት የእናቴ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ። ከብሩክሊን ሴንተር ሴንት ፖል ድረስ በዚያ በረዶ ነድታ፣ ሳትደውል፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት አቅፋ ቆማለች። እትዬ የትምወርቅ ሳትደውል የምትመጣ ሰው አይደለችም። እንዲያውም ደውላ ሳትመጣ የምትቀር ናት።

«በላሽ?» አለችኝ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው እንጂ። በላሽ ወይ?»

ጉንጬን ስማኝ ስትጨርስ ዓይኔን አላየችም። ትከሻዬን ነው ያየችው።

እናቴ የእህቷን ልጅ ልትድር ሐዋሳ ከሄደች ሰነባበተች። ከረቡዕ ጀምሮ ስልኳ አይነሳም።

«እትዬ፣ እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ኔትወርክ ነው። የአገሩን ኔትወርክ አታውቂውም?» አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስቱን ማማሰል ጀመረች። ምድጃውን ግን አልለኮሰችውም። የቀዘቀዘ ወጥ ነበር የምታማስለው።

ያኔ ጋሽ ዕዝራ ትዝ አለኝ፤ ያስተማረኝን ነገር ይኸው ስንት ዘመን ቆይቶ ሥራ ላይ ላውለው ሆነ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ብዙነሽ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከብ ነበር። ልጅ ይዞ መግባት በቀጠራት ኤጀንሲ ክልክል ነው፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ የሚጠብቀኝ ሰው ግን አልነበረም። አባቴ ከእኛ ተለይቶ ዴንቨር ነው። ስለዚህ እናቴ መኪናዋን ካቆመች በኋላ ወደ እኔ ትዞርና ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች።

«ሶሊ፣ አንቺ የለሽም። እሺ? የለሽም።»

እኔም እንደሌለሁ ሆኜ እገባለሁ። ከትምህርት ቤት ከተማርኩት ሁሉ ይበልጥ የተካንኩት መጥፋትን ነበር።

ቤቱ ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከወንዙ በላይ ካለው ገደል ጫፍ ላይ ነው። ጥር ላይ እኛ ስንደርስ ቀኑ መሽቶ ያበቃል። ወንዙ ከዳርና ዳር ቀዝቅዞ መሐሉ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይተናል፤ በትነቱ ውስጥ የድንጋይ የባቡር ድልድይ ይታያል። ሽማግሌው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይህንኑ ድልድይ ይጠብቃል። የዕቃ ባቡር ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያውቀው ኩባያው ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው አንድ ጣቱን ያነሣል። ማናችንም አንናገርም። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ጣቱን ያወርድና «ያዘ» ይላል። ድልድዩ ባቡሩን ቻለው ማለቱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እጁን ዘርግቶልኝ ነበር። እሱ እንዳለሁ አይቶኛል።

«ኤዝራ ሆልከም» አለኝ። «የድልድይና የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ።»

እጁ ከበረንዳው ብረት ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬ በሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ እጅ በየቀኑ እይዛለሁ፤ ደሙ ጣት ድረስ ለመሄድ የሰነፈበት ሽማግሌ እጅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ያኔ ግን እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት።

እናቴ ጋሽ ዕዝራ ነበር የምትለው። በኤጀንሲው ወረቀት ላይ ያለው ስም ሌላ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው፤ በዚያ ስም ሲጠሩት ግን አይመልስም ነበር።

ጋሽ ዕዝራ አንድ ታሪክ ብቻ ነበረው። ሾርባው እስኪበርድ በየቀኑ በተመሳሳይ ቃል፣ ለተሰበሰበ ሕዝብ እንደሚናገር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራዋል።

«የተወለድኩት በ1838 ነው» ብሎ ይጀምራል። ትምህርት ቤት ትልልቅ ቁጥር መቀነስ ተምረን ስለነበር በመስኮቱ ጤዛ ላይ በጣቴ ቀነስኩት። ያገኘሁት መልስ ሰው የሚኖረው ዕድሜ አልነበረም። ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው።

«በልጅነቴ የመሬት ቀያሾች መለኪያ ሰንሰለት ተሸካሚ ነበርኩ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የእንጨት ድልድይ ሠራሁ። እኛ እንሠራለን፣ ጠላት ያቃጥላል፣ መልሰን እንሠራለን። ወደዚህ ከተማ ስመጣ ሐዲድ አልደረሰም፤ በእንፋሎት ጀልባ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው ድልድዬ እንጨት ነበር። ጸደይ መጣና የወንዙ በረዶ ሲሰነጣጠቅ ጠራርጎት ሄደ። ሁለተኛውን በድንጋይ አልኩ።»

እዚህ ላይ ድምፁ ይወርዳል። የድንጋይ ምሰሶ ወንዝ መሐል እንዴት እንደሚተከል ያስረዳናል። ትልቅ የሳንቃ ሳጥን ውሃው ውስጥ እንዲሰምጥ ይደረጋል፤ ውሃው በፓምፕ ይመጠጣል፤ ከዚያ ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ ወርደው ዐለቱ እስኪገኝ የወንዙን ወለል ይቆፍራሉ። ወንዙ በአራቱም በኩል ከራሳቸው በላይ ቆሟል።

«ታናሽ ወንድሜ አሞጽ ታች ነበር። እኔ ከተማ ነበርኩ። ውሃው ሳጥኑን ሰብሮ ገባ። ስመለስ አሞጽ የት አለ አልኩ። ድንጋይ ሊመርጥ ሄዷል አሉኝ። ጎርፉ ሳይደርስ ሥራው ማለቅ ነበረበት፣ ከሰማሁ ደግሞ እንደማቆም ያውቃሉ። ስለዚህ ደበቁኝ። የሠራተኞቹ ሚስቶች ምግብ ያመጡልኝ ጀመር። ሁሉም ትከሻዬን ያያሉ እንጂ ዓይኔን አያዩም። እኔ እበላለሁ። እቀልዳለሁ። በወንድሜ ላይ ድንጋይ እየደረደርኩ እቀልዳለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ይላል፤ አፉ የመድኃኒት ሽታ አለው።

«ሰው ምግብ ይዞልሽ መጥቶ ዓይንሽን ካላየ፣ ማን ሞተ ብለሽ ጠይቂ።»

የቀረው አጭር ነው። የመጀመሪያው ባቡር ሲያልፍ ሹማምንቱ ከድልድዩ በላይ ቆመው አጨበጨቡ፤ እሱ ታች፣ ከምሰሶው ሥር ቆመ፤ ቢፈርስ አብሮ ሊሞት ነው። ከዚያ ወዲያ ሐዲዱን ተከትሎ እስከ ተራሮቹ ድረስ ስንትና ስንት ድልድይ ሠራ፤ በየማለዳውም ሠራተኞቹን ሰብስቦ «የጎደለ ማን ነው? አሁኑኑ ንገሩኝ» ይል ነበር። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አሁንም ከድልድዩ ሥር ነኝ። ባቡር ሲያልፍ ዝም ብላችሁ ስሙ።»

ግድግዳው ላይ ትልቅ ቡናማ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ረጅም ጥቁር ኮትና ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ከድልድዩ ሥር ቆሟል። ፊቱ የጋሽ ዕዝራ ፊት ነው፤ ያው አፍንጫ፣ ያው የተንጠለጠለ ጆሮ። ኮቱም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ናፍታሊን እየሸተተ ተሰቅሎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

እናቴ ምንም አትፈራም ነበር። ስለ አሞጽ በሰማች ቁጥር «እኔን ጋሽ ዕዝራ!» ትልና ማንኪያውን ትሰጠዋለች። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ለወንድሟ ለሐጌ በስልክ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ያሳደጋት እሱ ነው። ለእኔ ሐጌ ከሐዋሳ የሚመጣ ሳቅ ነበር፣ በስልክ ውስጥ የሚኖር። አንድ ሳምንት ግን መልስ ሳይመጣ ቀረ።

«ኔትወርክ ነው» አለቻት እትዬ የትምወርቅ። «ደግሞ ፌስቡክሽ ቫይረስ ገብቶበታል አሉ፤ አምጪው ላጥፋልሽ።»

እናቴም አመስግና ስልኳን ሰጠቻት።

ረቡዕ ከጸሎት ስንወጣ እትዬ የትምወርቅና ባሏ ጋሽ እንግዳ ወደ ቤት ይዘውኝ ሄዱ፤ እናቴ የማታ ሥራ ነበራት። ከኋላ ወንበር ላይ የተኛሁ መስያለሁ።

«ከተቀበረ እኮ ሰነበተ» አለች እትዬ የትምወርቅ። «እስከ መቼ ነው የምንደብቃት?»

«ቅዳሜ ጠዋት ተብሏል፤ ፓስተሩም ይመጣል። ዛሬ ብትሰማ ሥራ ላይ ናት፣ በዚህ በረዶ ድራይቭ ታደርጋለች። ለሱፐርቫይዘሯ ደውዬ ኦፍ አስወጥቼላታለሁ።»

«ሰውየው መሬት ውስጥ ሆኖ እሷ ስትስቅ ሳይ አንጀቴ ይቆረጣል።»

«ቀስ በይ፤ ልጅቷ እንዳትሰማ።»

ልጅቷ ሰምታለች። የተቀበረ ሰውዬ አለ፤ እናቴ አታውቅም። ከኋላ ወንበር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እናቴ የምታውቃቸውን ወንዶች አሰብኩ። አባቴ ጠዋት ደውሎልኛል። ፓስተሩ ሊመጣ ነው። ጋሽ እንግዳ ይኸው ይነዳል። ሐጌ ስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ አይቀበርም። የቀረው በ1838 ተወልዶ እስካሁን ሾርባ የሚጠጣው፣ እጁ የሚቀዘቅዘው፣ በየቀኑ በራሱ አንደበት ከድልድዩ ሥር ነኝ የሚለው ብቻ ነው። እናቴ ሳታውቅ የሞተ ሰው ታጥባለች፣ ታበላለች። ለሰው ልጅ ሁሉ ግልጽ ሆኖ ለእሷ ብቻ አልተነገራትም።

ትልቅ ስሆን መርዶ የሚባለውን ልማዳችንን በደንብ አወቅሁት። ሰው ሲሞትብን አይነገረንም። ዘመድ ወዳጅ ተመካክሮ ቀን ይቆርጣል፣ ስልካችንን ይጠብቃል፣ ያበላናል። ከዚያ ገና ሳይነጋ በአንድነት መጥቶ በር ያንኳኳል። ይህን ግን ለሚኒሶታ ልጅ ማንም አላስረዳትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ቤታችን መምጣት ጀመሩ። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ አልጫ ይዛ። ሁሉም የእናቴን ትከሻ ያያሉ። እናቴ «ምን ሆናችሁ ነው፣ ልታወፍሩኝ ነው?» ብላ ትስቃለች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ አያቸዋለሁ። ጋሽ ዕዝራ ሊወስዳት ነው ብዬ ነበር። የሞተ ሰው ያን ያህል ጊዜ እጇን ይዞ ባዶ እጁን አይመለስም።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ዕዝራ ብርድ ብርድ አለኝ ስላለ እናቴ ጥቁሩን ኮት አልብሳዋለች። እሷ ኩሽና ውስጥ ሾርባ ታሞቃለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት፤ ልክ እንደ ፎቶግራፉ ነው። ግን ገባሁ። እናቴን እወዳት ነበር።

«ሚስተር ሆልከም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት በእንግሊዝኛ። «እርስዎ ሞተዋል። ከተቀበሩ ቆይቷል። እማዬ አታውቅም፤ የሚነገራት ነገ ጠዋት ነው። እባክዎን ይዘዋት አይሂዱ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ማን ነገረሽ?»

«እትዬ የትምወርቅ ለባሏ ስትነግረው ሰማሁ።»

«ደግ አደረግሽ» አለኝ። «ሌሎቹ አልነገሩኝም።»

ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ሳህን ይዛ ቆማለች። ሳህኑ ከእጇ አልወደቀም፤ የሚወድቀው ፊልም ላይ ነው። ቀስ አድርጋ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችው።

«ምን አልሽው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ሶልያና። የትምወርቅ ያለችውን፣ እንዳለችው ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ከተቀበረ ሰነበተ ያለችውን፣ ቅዳሜ ያሉትን፣ ፓስተሩን፣ ኦፉን። እየነገርኳት ሳለ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲዘጋ አየሁ። ማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ የት እንደሚያኖሯቸው የጠፋት ትመስል ነበር።

ኩባያው ውስጥ ያለው ውሃ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ዕዝራ ጣቱን አነሣ። ባቡሩ ረጅም ነበር፤ ሦስታችንም ሰማነው። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ «ያዘ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ወደ እናቴ ዞሮ ዓይኗን አያት። በዚያ ሳምንት ዓይኗን ያያት ሰው እሱ ብቻ ነው።

«አሞጽ ነው?» አላት።

«አዎ ጋሽ ዕዝራ» አለችው በአማርኛ። «አሞጽ ነው።»

እጁን ራሷ ላይ ጫነ። እናቴ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፣ እኔ እዚያው ግድግዳው ሥር ቆሜ እያየኋት። ሲወጣላት ፊቷን ታጠበች፣ ሾርባውን መልሳ አሞቀች፣ እስከ መጨረሻው ማንኪያ አበላችው። መኪና ውስጥ ቀበቶዬን እያሰረችልኝ «ሶሊ፣ አንቺ ምንም አልተናገርሽም፤ እኔም ምንም አልሰማሁም» አለችኝ። መጥፋት ስለምችል እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ነቃሁ። ሳሎን ብርሃን የለም። ከመንገዱ መብራት በሚገባው ጭላንጭል ግን ወንበሮቻችን ሁሉ ከያሉበት ወጥተው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች፣ ከቁም ሣጥን የሚወጡት ታጣፊዎች፣ የእኔ ትንሿ ቀይ ወንበር ሳትቀር። የተቀመጠባቸው የለም። ሊወስዳት መጥቷል አልኩ፤ ድንጋይ መደርደር የለመደ እጅ ነው። ሮጬ እናቴ አልጋ ገባሁ። የሌሊት ልብሷን ለብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። እግሯን ስነካት በረዶ ነው። ሞታለች ብዬ ጮኽኩ።

«እሽሽ» አለችኝና አቀፈችኝ። «እንቅልፍ ላይ ነን።»

ያኔ ውጭ የመኪና በሮች ቀስ ብለው ተዘጉ። በሩ ተንኳኳ። እናቴ እንደ ተኛ ሰው ጥቂት ቆየች፣ ከዚያ «ማነው?» አለች፤ ሄዳ ከፈተች፣ ፓስተሩ ሁለት ቃል ሳይናገር «ወንድሜን! ሐጌን!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ጋሽ ዕዝራ ቤት አልሄድኩም፤ እትዬ የትምወርቅ ከትምህርት ቤት ልትቀበለኝ ተስማማች። እኔም የደረስኩበት ድምዳሜ ይህ ነበር፦ እናቴን አትውሰድ ስለው በምትኳ ሐጌን ወሰደ። ይህን ለማንም ሳልናገር አደግሁ። በባቡር ድልድይ ሥር ስናልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ሃይስኩል ልጨርስ ስል ነው፣ እናቴ እየነዳች ወንዙን ስንሻገር የነገርኳት። በሳቅ ልትሞት ደረሰች፤ ከዚያ ሳቁን ተወችው።

«ሰውዬው እኮ አስተማሪ ነበር» አለችኝ። «ዶናልድ ነው ስሙ። ጡረታ ሲወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ኮት ለብሶ፣ እኔ መሐንዲሱ ነኝ እያለ ድልድዩ ሥር ለጎብኚ ያስረዳ ነበር። ፎቶውም የራሱ ነው፤ ሆን ብለው አሮጌ አስመስለውት ነው። በኋላ የልጆቹን ስም ረሳ፣ ሚስቱን ረሳ፣ ያቺን ታሪክ ብቻ አልረሳም። ከለቅሶው በኋላ ተመልሼ ሌላ ክረምት አብሬው ከረምኩ። አንቺን ይጠይቀኝ ነበር፤ ያቺ እውነት የምትናገር ልጅ የት አለች እያለ።»

እውነተኛው መሐንዲስ አያቶቼ ሳይወለዱ ተቀብሯል። ወንድም ይኑረው አይኑረው እንኳ እናቴ አታውቅም።

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን ጮኽሽ?» አልኳት።

የትራፊክ መብራት ይዟት ነበር። ሲለቃት ነዳች።

«ሌሊቱን ሙሉ ማን ይናገር ሲሉ ተጨቃጭቀው፣ በዚያ ብርድ ነድተው የመጡ ሰዎችን አውቄዋለሁ ብዬ ልመልሳቸው? ሐጌን ብቻዬን ላልቅሰው? የምችለውን አደረግኩ። ወንበር ደረደርኩላቸው። እንዳይንሸራተቱ ወጥቼ ደረጃው ላይ ጨው በተንኩ፤ ጫማ ማድረግ ረስቼ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ከዚያ ተኛሁላቸው።»

እትዬ የትምወርቅ በዚህኛው ዓርብ ማታ ስትሄድ ኮቷን አለበስኳት። ዓይኗን ፈልጌ ነበር፤ ስካርፏን ስታስተካክል ቆየችብኝ። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኳትም። ልጠይቃት አፌን ከፍቼ የኮቷን ቁልፍ አዛብታ ስትቆልፍ አየኋት። እናቴን ከእኔ በፊት ለብዙ ዘመን ያወቀቻት እሷ ናት።

እናቴ፣ ብዙነሽ፣ ሞታለች። ይህን በልቤ አንድ ጊዜ ብያለሁ፤ ጠዋት ሌላ ሰው እስኪለው ድረስ አልደግመውም።

እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ሊነጋ ሲል ተነሣሁ። ወንበሮቹን አወጣሁ፤ ታጣፊዎቹ ያኔ የነበሩት ናቸው፣ ትንሿም ቀይ ወንበር ምድር ቤት ነበረች፣ አመጣኋት። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁና ደረጃው ላይ ጨው በተንኩ። ከሩቅ፣ ከወንዙ በኩል፣ ረጅም ባቡር ያልፍ ነበር። እስኪያልቅ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ገብቼ የሌሊት ልብሴን ለበስኩና ተኛሁ።

የመኪና በሮች ቀስ ብለው ተዘጉ። ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው፤ ማንም አልተንሸራተተም። በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አልኩ፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው ድምፅ አስመስዬ።